ደንበኛው «አይሠራም» ሲል መስመሩን የሚያስተካክለው ማነው?

የስልክ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው የዕቃ ክምችትና የሽያጭ ፕሮግራም በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የደንበኞች ድጋፍ ክፍል። ፕሮግራሙ ያለው እኛ ሰርቨር ላይ ነው። ደንበኞች ከቢሯቸው ሆነው በኢንተርኔት ይገቡበታል። አንድ ደንበኛችን ሰሞኑን ደጋግሞ ይደውላል። ሠራተኞቹ እየሠሩ ሳለ «ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል» የሚል መልእክት ይመጣባቸዋል። የጀመሩት ደረሰኝ ሳይቀመጥ ይጠፋል። እንደገና ሀ ብለው ይጀምራሉ።

እኛ አየን። ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ሌሎች ደንበኞችም ያለ ችግር ይሠራሉ። ስለዚህ «ችግሩ የኔትወርክ ነው፣ ለኢንተርኔት አቅራቢዎ ይደውሉ» አልናቸው። ደወሉ። ቴክኒሺያን መጣ፣ ለካ፣ «መስመሩ ንጹህ ነው፣ ችግሩ ከፕሮግራሙ ነው» ብሎ ሄደ። ደንበኛው ተመልሶ እኛ ጋ መጣ። አለቃዬ ደግሞ «ኔትወርክ የእኛ ሥራ አይደለም፣ ቲኬቱን (የአቤቱታውን መዝገብ) ዝጊው» አለኝ።

አልዘጋሁትም። እኛም አቅራቢውም «በእኛ በኩል ደህና ነው» ብለናል፣ ሰውየው ግን ዛሬም መሥራት አልቻለም። ይሄን ማስተካከል የማን ኃላፊነት ነው? ውስጤ የእኛም እንደሆነ ይነግረኛል። ለአለቃዬ የማቀርበው ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ግን አጣሁ።

ገመድ_ዘርጊ

እህቴ፣ እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ። የኢንተርኔት አቅራቢ የመስክ ቴክኒሺያን ነኝ። የእኛ ሥራ የት ላይ እንደሚያልቅ ልንገርሽ።

መስመሩ ከውጭ ገብቶ ግድግዳ ላይ ያለችው ሳጥን ጋ ይደርሳል። እስከዚያች ሳጥን ድረስ ያለው የእኛ ነው። ፋይበር ከሆነ መጀመሪያ የምለካው የብርሃኑን ኃይል ነው። ጂፖን በሚባለው በተለመደው የፋይበር አሠራር ሳጥኗ ጋ የሚደርሰው ብርሃን ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ ነው) መካከል መሆን አለበት። -20 አካባቢ ካገኘሁ ልቤ ያርፋል። -26 ካነበብኩ ግን ዛሬ ቢሠራም ነገ ይወድቃል ማለት ነው። ወይ ገመዱ የሆነ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ታጥፏል፣ ወይ የማገናኛው ጫፍ ቆሽሿል። አጸዳለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ እንደገና እለካለሁ። ከዚያ ላፕቶፔን በገመድ ሳጥኗ ላይ ሰክቼ ፍጥነቱን እፈትሻለሁ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሥራዬ አለቀ።

ይሄ ክፋት አይደለም። ከሳጥኗ ወዲህ ያለውን አላውቀውም። ዋይፋዩን ማን እንዳስቀመጠው፣ ስንት ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ መሣሪያ) በስንት እንደተቀጣጠለ፣ ኮምፒውተሮቹ ምን እንደተጫነባቸው የማውቀው ነገር የለም። ነክቼ አንድ ነገር ቢበላሽ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ቀጣዩ ደንበኛም ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ተራ_ደንበኛ

የሁለታችሁንም አነበብኩ። እኔ በመሃል ከሚንከራተቱት ሰዎች አንዱ ነኝና ልናገር።

አንድ ትንሽ ቢሮ አስተዳድራለሁ። ኢንተርኔቱ ሲቆም አቅራቢው ጋ እደውላለሁ። «አጥፍተው ያብሩት» ይሉኛል። አጥፍቼ አብርቼ እኮ ነው የደወልኩት! ከዚያ «በእኛ በኩል ችግር የለም» ይላሉ። የፕሮግራሙ ሰዎች ጋ እደውላለሁ፤ መልሱ ያው ነው። ኮምፒውተር የሚጠግንልኝን ልጅ እጠራለሁ፤ እሱም «ኮምፒውተሮቹ ደህና ናቸው» ይለኛል። የሁሉም ደህና ነው፣ የእኔ ሥራ ግን ቆሟል።

ወንድሜ ገመድ_ዘርጊ፣ «ከሳጥኗ ወዲህ የእኛ አይደለም» ያልከውን ልቀበለው አልቻልኩም። የእኔን ራውተር ያመጣው አቅራቢው ነው። ያስቀመጠውም እሱ ነው። የይለፍ ቃሉም ያለው እሱ ጋ ነው። ገብቼ ልየው ብል አልችልም። ከሩቅ ሆነው ቅንብሩን ሲቀይሩ እንኳ አይነግሩኝም። እጄን የማላስገባበት ዕቃ በምን ሒሳብ ነው የእኔ ኃላፊነት የሚሆነው?

ደግሞም እኔ ፋይበሩንና ዋይፋዩን ለይቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ማወቅም አይጠበቅብኝም። የምከፍለው እንዲሠራልኝ ነው። ስደውል የምፈልገው ነገር ቢኖር አንድ ሰው «እሺ፣ ይዤዋለሁ» እንዲለኝ ነው።

ገመድ_ዘርጊ

@ተራ_ደንበኛ እውነትህን ነው። ራውተሩ የአቅራቢው ከሆነና መግቢያው በእነሱ እጅ ካለ፣ እስከ ራውተሩ መውጫ ድረስ ኃላፊነቱ የእነሱ ነው። እኔ ያልኩት ደንበኛው ራሱ ገዝቶ ስለሚያስቀምጠው ነበር። ሳጥኗን ብቻ ለክቶ ራውተሩን ሳይከፍት የሚሄድ ቴክኒሺያን አለ። ያ ልክ አይደለም፣ ሥራውን አልጨረሰም።

ውል_አንባቢ

ይሄ ድንበር ከየት መጣ የሚለውን ማወቅ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት ስልኩም ገመዱም የስልክ ኩባንያው ነበር። ደንበኛው የራሱን መሣሪያ መስመሩ ላይ ማገናኘት አይፈቀድለትም። ሲበላሽ ታዲያ የሚጠየቀው አንድ ወገን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን «ካርተርፎን» በሚባለው ጉዳይ ላይ፣ ኔትወርኩን እስካልጎዳ ድረስ ደንበኛው የራሱን መሣሪያ ማገናኘት ይችላል ብሎ ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ ሰው የመረጠውን መሣሪያ የመጠቀም መብት እንዳለው ደንግጓል። መብቱ ጥሩ ነው። አብሮት የመጣው ግን ድንበር ነው። ኩባንያው እስከዚህ፣ ደንበኛው ከዚህ ወዲህ ተባለ።

ስለዚህ በደፈናው «ኃላፊው ማነው» ከማለት ውሉን ማውጣት ይሻላል። ድንበሩ የትኛው ዕቃ ላይ ነው የሚያልቀው? ራውተሩ የማን ንብረት ነው? «እስከዚህ ፍጥነት ድረስ» የሚለው የሚለካው የት ላይ ነው፣ በገመድ ነው በዋይፋይ? ብልሽት ሲመዘገብ በስንት ሰዓት ውስጥ እንጠግናለን ብለዋል? የቤት አገልግሎት ውል ላይ ብዙውን ጊዜ የመጠገኛ ጊዜ ቃል አይገባም። የድርጅት ውል ላይ ይገባል፤ ዋጋውን ከሚያስወድዱት ነገሮች አንዱም ይሄ ነው። ቢሮውን በቤት ውል እያሠራ የድርጅት ፍጥነት ያለው ጥገና የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አያገኝም፣ ያዝናል።

@የስልክ_ማዶ የእናንተም ውል ይታይ። «ደንበኛው የሚሠራ የኢንተርኔት ግንኙነት ማዘጋጀት አለበት» የሚል አንቀጽ ሳይኖረው አይቀርም። አለቃሽ እሱን ይዞ ይሆናል። ልብ በይ ግን፤ ያ አንቀጽ የሚሠራው ግንኙነቱ በእርግጥ እንደማይሠራ ሲረጋገጥ ነው። እስካሁን ያረጋገጠ ሰው የለም።

የሰርቨር_ጠባቂ

ውል_አንባቢ መጨረሻ ላይ የተናገረው ነገር ዋናው ነው። እስካሁን ያረጋገጠ ሰው የለም።

እኔ ማስተካከልንና ማግኘትን እለያቸዋለሁ። ማስተካከል የዕቃው ባለቤት ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ከገመድ_ዘርጊ ጋር እስማማለሁ። ችግሩ የት እንዳለ ማግኘት ግን መጀመሪያ ስልኩን ያነሳው ሰው ሥራ ነው። «እኛ ጋ አይደለም» ማለት መልስ አይሆንም። «እዚህ ጋ ነው፣ ማስረጃውም ይኸው» ሲባል ነው መልስ የሚሆነው። ደንበኛው ይህን ለይቶ ማወቅ አይችልም፣ እውቀቱ ያለው እኛ ጋ ነው። ስለዚህ ድካሙም የእኛ ነው።

እንዴት ይገኛል? እህቴ፣ ይህን ደንበኛውን አሠሪው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት የትእዛዝ መስኮት ይከፈት። በአንደኛው ራውተሩን ፒንግ ያድርግ፣ ማለትም «አለህ ወይ» የሚል አጭር መልእክት እየላከ መልሱን ይጠብቅ፤ አድራሻው 192.168 ብሎ የሚጀምር ይሆናል። በሁለተኛው ከራውተሩ ቀጥሎ ያለውን የአቅራቢውን የመጀመሪያ ጣቢያ፤ ዳታው የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች በተራ የሚዘረዝረው ትሬስሩት ሲሠራ በሁለተኛው መስመር ላይ የሚወጣው እሱ ነው። በሦስተኛው የእናንተን ሰርቨር። ሦስቱም አብረው፣ ሳይቆሙ፣ ሰዓት እየመዘገቡ ቀኑን ሙሉ ይሂዱ። ሠራተኞቹ ደግሞ ግንኙነቱ የተቋረጠባቸውን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ከዚያ ወረቀቱንና መስኮቶቹን ታስተያያለሽ። በዚያች ደቂቃ የመጀመሪያው ፒንግ ከጠፋ ችግሩ ቢሮው ውስጥ ነው፤ ዋይፋይ፣ ገመድ ወይም ስዊች። የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከጠፉ የአቅራቢው መስመር ነው፣ ያኔ ያንን ሎግ (በሰዓት የተመዘገበውን ውጤት) ይዛችሁ ቲኬት ትከፍታላችሁ። ሁለቱ ደህና ሆነው ሦስተኛው ብቻ ከጠፋ ወይ መንገድ ላይ ነው ወይ እናንተ ጋ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትሬስሩት ላይ መሃል ላይ ኮከብ ምልክት ወይም የጠፋ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ስታዪ ቶሎ አትፍረጂ። መንገድ ላይ ያሉ ራውተሮች የሰውን ዳታ ማሳለፍን ያስቀድማሉ፤ ለራሳቸው ለተላከ ጥያቄ መመለስ ለእነሱ ትርፍ ሥራ ነው። ከዚያ ራውተር በኋላ ያሉት ሁሉ በደንብ ከመለሱ ችግር የለም። የአቅራቢ ቲኬት ላይ እንዲህ ያለ ምስል ለጥፎ «ይኸው ጥፋታችሁ» ብሎ መከራከር ጊዜ መፍጀት ነው።

ጥያቄዎችም አሉኝ። በገመድ ነው የሚሠሩት በዋይፋይ? ሲቋረጥ የሁሉም ኮምፒውተር አንድ ላይ ነው ወይስ አንድ በአንድ? በዚያች ደቂቃ ሌላ ድረ ገጽ ይከፈታል? እየጻፉ ሳለ ነው የሚቋረጠው ወይስ ትተውት ቆይተው ሲመለሱ?

የስልክ_ማዶ

@የሰርቨር_ጠባቂ እግዜር ይስጥልኝ። ደንበኛው ልክ እንዳልከው አደረገ። ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን አንድ የሚሠራ ነገር በመሰጠቱ ደስ ነው ያለው።

ውጤቱ ግራ አጋብቶኛል። ግንኙነቱ ተቋረጠ በተባለባቸው ደቂቃዎች ሦስቱም ፒንግ ደህና ናቸው። አንድ ፓኬት እንኳ የጠፋ የለም። ድረ ገጾችም ይከፈታሉ። የሁሉም ኮምፒውተር አንድ ላይ አይቋረጥም፣ አንድ በአንድ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄህ ግን ነገሩን ገለጠችልኝ። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀኑን ሙሉ ፕሮግራሙ ላይ ነች፤ እሷ ተቋርጦባት አያውቅም። የሚቋረጥባቸው ስብሰባ ገብተው ወይም ስልክ ይዘው ቆይተው የሚመለሱት ናቸው። ደረሰኙን ግማሽ ጽፈው ይተዉታል፣ ተመልሰው «አስቀምጥ» ሲሉ መልእክቱ ይመጣል።

የእኛን ሰርቨር ሎግም አየሁ። ሰርቨሩ ግንኙነቱ የተቋረጠ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ለእሱ አሁንም ክፍት ነው።

ኮድ_ጸሐፊ

አሁን ተያዘ። ይሄ የአድራሻ ትርጉም ሰንጠረዥ ጉዳይ ነው፣ ናት የሚባለው። ደጋግሞ የሚያጋጥም ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ቢሮ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች 192.168 የሚል የውስጥ አድራሻ ነው ያላቸው። በዚያ አድራሻ ኢንተርኔት ላይ አይታወቁም። ራውተሩ ለሁሉም በአንድ የውጭ አድራሻ ይወጣል፣ የቱ ግንኙነት የየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ደግሞ ሰንጠረዥ ላይ ይይዛል። እንደ በር ጥበቃ መዝገብ ነው፤ ስምህ እስካለ ትገባለህ ትወጣለህ። መዝገቡ ግን ቦታው ውስን ነው። ለተወሰነ ጊዜ ምንም ዳታ ያላለፈበትን ግንኙነት ራውተሩ ይሰርዘዋል። ሲሰርዝ ለኮምፒውተሩም ለሰርቨሩም አይነግርም። ሰርቨሩ «ክፍት ነው» ብሎ ይቀመጣል፣ ሠራተኛዋ ተመልሳ «አስቀምጥ» ስትል ራውተሩ ያንን ግንኙነት አያውቀውም። ፒንጉ ግን በየሴኮንዱ አዲስ ስለሚላክ ምንጊዜም ደህና ነው። ቴክኒሺያኑም ንጹህ መስመር ነው ያየው። ውሸት አልተናገረም።

ናቱ ያለው ቢሮው ውስጥ ላይሆንም ይችላል። የአድራሻ እጥረት ስላለ ብዙ አቅራቢዎች እነሱም ጋ ሌላ ናት አላቸው። የራውተሩ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ እንደዚያ ነው፤ ያ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ሥራ የተመደበ ነው። ያኔ ደንበኛው ራውተሩን ቢቀይርም ለውጥ አያይም።

ለዚህ መስፈርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5382 የሚባለው የኢንተርኔት መስፈርት ሰነድ፣ ናት የተከፈተ የቲሲፒ (ዳታ ሳይጎድል እንዲደርስ የሚያደርገው የመገናኛ ደንብ) ግንኙነትን ሥራ ፈቷል ብሎ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በፊት እንዳይሰርዝ ያዛል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ቲሲፒ ራሱ «አለህ ወይ» እያለ የሚልከው ምልክት አለ፣ ኪፕአላይቭ የሚባል። የተለመደው መነሻው 2 ሰዓት ነው። ናቱ ከዚያ 4 ደቂቃ ተጨማሪ እንዲታገስ ነው የታሰበው። ግን ከዚህ በጣም ቀድመው የሚሰርዙ መሣሪያዎች ሞልተዋል። ሊነክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓትም ላይ ኪፕአላይቭ መነሻው 7200 ሴኮንድ፣ ያው 2 ሰዓት ነው፤ ያም ቢሆን ፕሮግራሙ ራሱ ካላበራው አይሠራም።

መፍትሔው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ማንም ባይጽፍም በየ30 ሴኮንዱ አንዲት ትንሽ መልእክት ለሰርቨሩ ይላክ። ሰንጠረዡ ላይ ያለው መስመር አይሰረዝም። ከተሰረዘም ፕሮግራሙ ቶሎ ያውቅና በራሱ ይገናኛል። ግማሽ የተጻፈውም ደረሰኝ በኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ፤ መስመር በተቋረጠ ቁጥር የሰው ልፋት መጥፋት የለበትም።

ገመድ_ዘርጊ

ቆይ፣ አንድ ነገር። መስፈርቱ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በፊት አትሰርዝ ካለ፣ ጥፋተኛው ራውተሩ ነው ማለት ነው። ታዲያ ለምን ፕሮግራም ሠሪው ይሸከማል? እኔ የአቅራቢ ሰው ሆኜ ይሄን መጠየቄ ሊያስገርም ይችላል፣ ግን ሐቁ ይታይ።

ኮድ_ጸሐፊ

@ገመድ_ዘርጊ ጥያቄህ ልክ ነው። ጥፋቱን የሠራውና ማስተካከል የሚችለው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይሆኑም።

የዚህ ፕሮግራም ደንበኞች ነገ ከሆቴል፣ ከስልክ፣ ከሌላ ቢሮ ይገባሉ። በየቦታው የሚያጋጥማቸውን ራውተር ፕሮግራም ሠሪው አይመርጥም፣ ደንበኛውም አይመርጥም። ናት እንደሚሰርዝ ግን ከታወቀ ቆይቷል። በኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ኢንተርኔት ምን እንደሚመስል አውቆ መሥራት አለበት። መስመሩ ይቋረጣል፣ ይዘገያል፣ አድራሻው ይቀየራል። ቢሮ ውስጥ ባለ ጥሩ ገመድ ላይ ብቻ ሞክሮ «እኛ ጋ ይሠራል» ማለት አይበቃም።

አቅራቢውም ነጻ አይሆንም። ሰንጠረዡ እነሱ ጋ ከሆነና ጊዜውን ያሳጠሩት እነሱ ከሆኑ በቲኬት ይነገራቸው። ብቻ ደንበኛው እስኪመልሱለት ድረስ ሥራ ፈትቶ አይጠብቅ።

የሰርቨር_ጠባቂ

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። አስተውሉ፣ ሦስቱም ወገን ስለራሱ የተናገረው እውነት ነበር። ሰርቨሩ ይሠራል፣ መስመሩ ንጹህ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ችግሩ ያለው በክፍሎቹ መገናኛ ላይ ነው። መገናኛው ላይ ያለውን ደግሞ የራሱን ክፍል ብቻ የሚያይ ሰው በፍጹም አያገኘውም። አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት አለበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያይበት ምክንያት ያለው ደግሞ ፕሮግራሙን የሸጠው ነው፤ ምርቱ ደንበኛው ጠረጴዛ ላይ ካልደረሰ የሸጠው ነገር የለም።

የስልክ_ማዶ

የኮድ_ጸሐፊን መልስ ለፕሮግራመሮቻችን አሳየኋቸው። ሎጉን ከፒንጉ ጋር አያይዤ ነው ያቀረብኩት። ክርክር አልነበረም፤ ገብተው ሠሩት። አለቃዬም ሎጉን ሲያይ ነገሩን ተቀበለ። «ስንቱ ደንበኛ ይሄን ሳይነግረን ታግሶ ይሆን?» አለ። ያ ንግግሩ ውስጤን ነካው። ምክንያቱም ሌሎችም ሁለት ደንበኞች ያንኑ መልእክት ጠቅሰው ደውለው፣ «የኔትወርክ ችግር» ተብሎ የተዘጋ ቲኬት አግኝቻለሁ።

አዲሱ ሥሪት ከተጫነ ወዲህ የደንበኛችን መቋረጥ ቆሟል፤ ከአንድ ኮምፒውተር በስተቀር። መጋዘኑ ጥግ ላይ ያለው አሁንም ይቋረጣል። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ፒንግ ራሱ ይጠፋል። በዋይፋይ ነው የሚሠራው።

የሰርቨር_ጠባቂ

ያ ሌላ ችግር ነው፣ ባለቤቱም ሌላ ነው። ራውተሩ ጋ ሳይደርስ የሚጠፋ ከሆነ ከእናንተም ከአቅራቢው መስመርም ጋር አይገናኝም።

ዋይፋዩ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከሆነ የሚሠራው፣ የቻናሉን (ሞገዱ የተከፋፈለበትን መስመር) ቁጥር ይዩ። እዚያ ላይ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ጎረቤቶቹ ሁሉ 6 ላይ ከሆኑ እሱ 3 ላይ ቢሄድ ይብሳል፤ ከሁለቱም ወገን ይረበሻል። ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚያው ሞገድ አካባቢ ስለሚሠራ በሠራ ቁጥር ሊያቋርጥ ይችላል። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፣ ግድግዳና የብረት መደርደሪያ ማለፍ ግን ይከብደዋል። መጋዘን ደግሞ ብረት በብረት ነው። ለማይንቀሳቀስ ኮምፒውተር የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ገመድ ይሳብለት።

እህቴ፣ አንቺ ይህን መጠገን የለብሽም። ሎጉን ስጪያቸው፣ የት እንዳለ በአንድ አረፍተ ነገር ጻፊላቸው፣ ለማን እንደሚያሳዩት ንገሪያቸው። እዚያ ላይ ሥራሽ አልቋል፤ ሰውየውም ሜዳ ላይ አልቀረም።

ተራ_ደንበኛ

«ለማን እንደሚያሳዩት» የሚለው ላይ ልጠይቅ። እኔ ጋም የውስጥ ኔትወርኩን የዘረጋው ሰው ነበር። ዘረጋ፣ ተከፈለው፣ ሄደ። አሁን ስልኩ አይነሳም። የቱ ገመድ የቱ ክፍል እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ጣሪያ ውስጥ ስዊች አለ ይላሉ፣ የት እንዳለ ያየ ሰው ግን የለም። አዲስ ባለሙያ ስጠራ «ይሄ ሁሉ ይነሳና እንደ አዲስ ይዘርጋ» ይለኛል። የሚያዋጣው እንደ አዲስ መዘርጋት ነው?

ገመድ_ዘርጊ

@ተራ_ደንበኛ ሁሉን ከማፍረስህ በፊት ያለው ይፈተሽ። አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ደህና ነው፤ የሚበላሸው ጫፉ ነው።

አንድ ቀላል ምልክት ልስጥህ። ኮምፒውተሩ ላይ የግንኙነቱን ፍጥነት ክፈት። 1000 ማለት ሲገባው 100 ካለ፣ ገመዱ ውስጥ ካሉት 8 ሽቦዎች አንዱ ወይም ሁለቱ አልነኩም ማለት ሊሆን ይችላል። ለ100 አራቱ ይበቃሉ፣ ለ1000 ስምንቱም ያስፈልጋሉ። ጫፉን ቆርጦ እንደ አዲስ መምታት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ርቀቱም ይታይ፤ የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ትልቅ መጋዘን ውስጥ ይሄ ሲጣስ አያለሁ፤ ገመዱ በየጣሪያው ሲዞር ርዝመቱን ማንም አይቆጥርም።

ባለሙያው ሲጨርስ ደግሞ ቀሪው ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት የምትቀበለው ነገር ይኑር። የሁሉም መሣሪያ የይለፍ ቃል፣ በጽሑፍ። የቱ ገመድ የት እንደሚገባ የሚያሳይ ንድፍ፣ በእጅ የተሣለም ይሁን። በሁለቱም ጫፍ ያው ቁጥር የተለጠፈበት ገመድ። እያንዳንዱ ገመድ በመሞከሪያ ተፈትሾ የወጣው ውጤት። ይሄ ካለህ ነገ የሚመጣው ባለሙያ ማንም ቢሆን ሥራውን ከዚያ ይቀጥላል።

የስልክ_ማዶ

@ውል_አንባቢ አንድ ነገር ላስቸግርህ። አለቃዬ ከአዳዲስ ደንበኞች ጋር በምንፈርመው ውል ላይ አንቀጽ እንድናስገባ ፈቅዷል። እንዴት ብለን ብንጽፈው ይሻላል?

ውል_አንባቢ

በአጭሩ ጻፉት፣ ማንም የሚያነበው ይሁን። ለምሳሌ፦

«ደንበኛው መገናኘት አልቻልኩም ብሎ ሲያመለክት ድርጅቱ የችግሩን ቦታ በምርመራ ለይቶ ውጤቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ችግሩ ከፕሮግራሙ ወይም ከሰርቨሩ ከሆነ ድርጅቱ በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ከኢንተርኔት መስመሩ ወይም ከደንበኛው የውስጥ ኔትወርክ ከሆነ ድርጅቱ ለአቅራቢው ወይም ለባለሙያው የሚቀርብ ማስረጃ ያዘጋጃል፤ ጥገናው ግን የመሣሪያው ባለቤት ነው። ጉዳዩ የሚዘጋው ደንበኛው እንደተስተካከለለት ሲያረጋግጥ ነው።»

ምርመራው ነጻ መሆኑን ወይም የሚያስከፍል ከሆነ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ክርክር የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ገመድ_ዘርጊ

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ማሻሻያ ቢደረግ። ችግሩ ከተስተካከለለት በኋላ ስልክ የማያነሳ ደንበኛ አለ። ቲኬቱ ለዘላለም ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ የቴክኒሺያኑም መዝገብ ይበላሻል። «ደንበኛው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ካልመለሰ ይዘጋል፤ ያው ችግር ከተመለሰ ግን በዚያው ቁጥር ይከፈታል» ይባል። «በዚያው ቁጥር» የሚለው አይቅር። አዲስ ቁጥር ሲሰጥ የቀድሞው ምርመራ ይረሳል፣ ሰውየውም እንደገና «አጥፍተው ያብሩት» ይባላል።

ተራ_ደንበኛ

ይሄን እኔም እፈርማለሁ። የአቅራቢዬ ውል የሚታደሰው በቅርቡ ነው። ራውተሩ የማን እንደሆነና የይለፍ ቃሉ ማን ጋ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ። የሚሉኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።